ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራ ወይስ ባሌ? በ17 ቀን ተራራም ሳፋሪም

ሽሮሜዳ44

ሰላም ናችሁ? የሄዳችሁበት ሰዎች እንድትመክሩኝ ነው።

44 ዓመቴ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፤ ልጅ ሆኜ እንጦጦ ማርያም በእግሬ የወጣሁበት ቀን ተቆጥሮ አያልቅም። አሁን ግን 15 ዓመት ሙሉ ሥራዬ መቀመጥ ሆኗል። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸናንዶዋ ተራራ እየሄድኩ መራመድ ጀምሬያለሁ፤ ቦርሳ ተሸክሜ 5 እና 6 ሰዓት ዳገትና ቁልቁለት እሄዳለሁ፣ ጉልበቴም እስካሁን አላስቸገረኝም።

የዕረፍት ክፍላችን ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ ነበር። የአንዱ ወር ፎቶ ዝሆኖች ሜዳ ላይ ተከታትለው ሲሄዱ ነው፤ ከኋላቸው ኪሊማንጃሮ በረዶውን ተከናንቦ ቆሟል። ወሩ ሲያልቅ ገጹን ቆርጬ ቤት ወሰድኩት። ይኸው ዓመት ሙሉ ፍሪጄ ላይ ተለጥፎ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ያንን ተራራ መውጣት እፈልጋለሁ፣ እነዚያን ዝሆኖችም ማየት እፈልጋለሁ።

ያለኝ ፈቃድ በረራውን ጨምሮ 17 ቀን ነው። ከጥምቀት በኋላ ብንነሣና ሁዳዴ ሳይገባ ብንመለስ ደስ ይለኛል። አብሮኝ የሚሄደው አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነው፣ 38 ዓመቱ ነው፣ ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ነው። አንድ ድርጅት 6 ቀን በማቻሜ መንገድ ኪሊማንጃሮ፣ ከዚያ 5 ቀን ሳፋሪ በታራንጊሬ፣ ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ ብሎ ዋጋ ልኮልኛል። ጓደኛዬ ኬንያ ተራራ ይቀላል ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ባሌ እያለልን ለምን ሰው አገር እንሄዳለን ባይ ነው።

የትኛው ይሻላል? 6 ቀን ይበቃል? ሳፋሪው ይቅደም ወይስ ተራራው?

ባራፉ

እህቴ፣ በመጀመሪያ የ6 ቀኑን ነገር ተዪው።

እኔ ኪሊማንጃሮ የወጣሁት በሌሞሾ መንገድ በ8 ቀን ነው። ስወጣ 47 ዓመቴ ነበር፣ የምኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ስፖርተኛም አይደለሁም። ጫፉ ላይ የደረስኩት በእግሬ ጥንካሬ ሳይሆን በቀኑ ብዛት ነው ብዬ አምናለሁ። ከፍተኛው ጫፍ ኡሁሩ 5,895 ሜትር ነው። እዚያ የምትስቢው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሜሪላንድ ካለው ግማሽ ያህሉ ነው። ሰውነት ይህንን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ጉልበት አያፋጥነውም። እንዲያውም ጠንካራ ወጣቶች ናቸው ቶሎ ቶሎ እየሄዱ ሲወድቁ ያየሁት። መሪዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ «ፖሌ ፖሌ» የሚሉት ለዚህ ነው፣ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው።

የሌሞሾ ጥሩነቱ ከፍ ብለሽ ዝቅ ብለሽ መተኛትሽ ነው። ለምሳሌ አንድ ቀን ላቫ ታወር ድረስ ትወጫለሽ፣ 4,600 ሜትር ነው፤ ምሳሽን እዚያ በልተሽ ባራንኮ 3,900 ምናምን ላይ ወርደሽ ታድሪያለሽ። የዚያን ቀን ራሴን እንደ ከበሮ ሲመታኝ ዋለ፣ ማታ ግን ሾርባ ጠጥቼ እንደ ሕፃን ተኛሁ። በማግስቱም ራስ ምታቱ አልነበረም። ወደ ባራንኮ ስትወርጂ ደግሞ የኛን ጅብራ የምትመስል ተክል ታያለሽ፣ የቅርብ ዘመዷ ናት፤ ሳያት አገር ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።

የመጨረሻዋን ሌሊት ልንገርሽ። ከባራፉ ሠፈር እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚነሣው። ከፊትሽ ያለውን ሰው ጫማና የግንባር ባትሪሽ የምታበራውን አንድ ክንድ መሬት ብቻ ነው የምታዪው። ከቦርሳዬ በቱቦ የሚመጣው ውሃ ገና በመጀመሪያው ሰዓት በረዶ ሆኖ ተዘጋ። መሪው ይህን ስለሚያውቅ ማታውኑ ሌላ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ አስሞልቶኝ፣ በካልሲ ጠቅልሎ በአፉ ደፍቶ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጦልኝ ነበር። ውሃ ከላይ ጀምሮ ነው የሚረጋው፤ ተደፍቶ ከተቀመጠ በረዶው ወደ ጠርሙሱ ቂጥ ይሆንና አፉ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ያቺ ጠርሙስ ናት ያወጣችኝ። የተራራው አፍ ጠርዝ ላይ ያለው ስቴላ ፖይንት ስንደርስ ፀሐይ ከሌላኛው ጫፍ ከማዌንዚ ጀርባ ብቅ አለች። ከዚያ እስከ ኡሁሩ ሌላ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።

ሳፋሪው ከተራራው በኋላ ይሁን። ሰባት ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድረሽ፣ ጣቶችሽ አብጠው፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ዝሆን ማየት ዕረፍት ነው።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር። እኔ በወጣሁበት ጊዜ የፓርኩ ክፍያ በቀን 70 ዶላር፣ የድንኳን ማደሪያ በሌሊት 50፣ የነፍስ አድን 20 ዶላር ነበር፣ በዚያ ላይ 18 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ለ8 ቀን ስትደምሪው ወደ 1,100 ዶላር የሚጠጋው ለመንግሥት ብቻ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ 8 ቀን በ1,400 ዶላር እናወጣሻለን የሚል ካጋጠመሽ ቀሪዋ 300 ዶላር ምግቡን፣ መሪውንና ተሸካሚዎቹን ሁሉ ልትችል አትችልም። የተሸካሚዎቹ ደሞዝ ነው የሚቀነሰው። አንድ ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ሕግ አለ፤ ሚዛን ላይ ሲመዝኑ ቆመሽ እዪ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች ወንድምሽም የሚከፍለው እንዳንቺው በውጭ ዜጋ ዋጋ ነው።

ከስቶክሆልም

ባራፉ ያለውን እኔ በክፉ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ልጻፍ።

በማራንጉ መንገድ በ5 ቀን ሄድኩ። ያስያዘኝ ድርጅት «ቀላሉ መንገድ ነው፣ ቤት ውስጥ ነው የምታድረው» ነበር ያለኝ። ቤት ውስጥ ማደሩ እውነት ነው። ግን ቁጥሩን ተመልከቺ። በሦስተኛው ቀን ከሆሮምቦ ማደሪያ 3,720 ሜትር ተነሥተሽ ኪቦ ማደሪያ 4,720 ትደርሻለሽ፣ 1,000 ሜትር በአንድ ቀን። ከዚያ ጥቂት ሰዓት ጋደም ብለሽ የዚያኑ ዕለት እኩለ ሌሊት ላይ ሌላ 1,175 ሜትር ለመውጣት ትነሻለሽ።

እኔ ኪቦ ላይ የጫማዬን ክር ማሰር አቃተኝ። ክሩን በሁለት እጄ ይዤ አየዋለሁ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ጠፋብኝ። መሪው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና ምንም ሳይለኝ ቦርሳዬን አንሥቶ «እንወርዳለን» አለ። ተቆጣሁት፣ ለመንኩት። በጨለማ ደግፎ ሆሮምቦ አወረደኝ። ጠዋት ስነቃ ራስ ምታቱ የለም፣ ቁርሴን በላሁ። ለዚያ ሰው እስከ ዛሬ እጸልይለታለሁ።

ድርጅቱን የምወቅሰው ጥድፊያው ከሳፋሪው የተነሣ ስለነበረ ነው። አንድ ቀን ለተራራው ጨምሩልኝ ብዬ ነበር፣ የሳፋሪው መኪና ቀኑ ተቆርጧል ተባልኩ። እህቴ፣ ከአራዊቱ ቀን ላይ ቀንሺ እንጂ ከተራራው ቀን ላይ አትቀንሺ። አንበሳውን በሁለት ቀንም ታዪዋለሽ።

ራስ ምታት ለብቻው ብዙ አያስፈራም። ሚዛን ከጠፋ፣ ንግግር ከተወላገደ፣ ቁጭ ብለሽ እንኳ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ስትተነፍሺ ደረትሽ ውስጥ ውሃ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሰማሽ ግን አንጎል ማበጥ ወይም ሳንባ ውሃ መቋጠር ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። ዳያሞክስ የሚባለውን ክኒን በተመለከተ ሐኪምሽን አማክሪ፤ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማሽ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪ።

ናይሮቢ_ነኝ

ሽሮ ሜዳ፣ ማንም ያልነገረሽ አንድ ነገር አለ። ፍሪጅሽ ላይ ያለው ፎቶ የተነሣው ታንዛኒያ ላይሆን ይችላል። ዝሆኖች ከፊት፣ ኪሊማንጃሮ ከኋላ ያለበት ፎቶ ሲባል ቦታው አብዛኛውን ጊዜ አምቦሴሊ ነው፣ ኬንያ። ተራራው ታንዛኒያ ነው፣ ከሩቅ ሙሉ ቁመናው የሚታይበት ሜዳ ግን በሰሜን በኩል ያለው የኬንያው ነው። የተላከልሽ የ5 ቀን ሳፋሪ ሴሬንጌቲ ድረስ ያስነዳሻል እንጂ ያንን ፎቶ አያሳይሽም።

ስለ ኬንያ ተራራ ጓደኛሽ የምትለው ግማሹ ልክ ነው። ሁለት ጊዜ ወጥቻለሁ። ትልቁ ጫፍ ባቲያን 5,199 ሜትር ነው፣ እሱ ገመድና የድንጋይ መውጣት ሙያ ይጠይቃል። በእግር የሚደረሰው ፖይንት ሌናና ነው፣ 4,985 ሜትር፣ ከኡሁሩ በ900 ሜትር ያህል ያንሳል። በሲሪሞን መንገድ ወጥተሽ በቾጎሪያ መንገድ ከወረድሽ 5 ቀን ይበቃል፣ ወጪውም ይቀላል፣ ሰው አይበዛም። ለውበት ከጠየቅሽኝ ደግሞ ቾጎሪያን የሚያህል አላየሁም። ሐይቁ ገደል ሥር ተኝቶ፣ ጉሙ ከበታችሽ እየመጣ። ሺፕተን ሠፈር ላይ ሽኮኮዎቹ ሰው አይፈሩም፤ አንዷ ብስኩቴን ከእጄ ልትወስድ ጫማዬ ላይ ወጥታ ቆመች። ከተራራው ስትወርጂ ናንዩኪ አጠገብ ኦል ፔጄታ አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ሁለቱ የሰሜን ነጭ አውራሪሶች ናጂንና ፋቱ እዚያ ናቸው፣ እናትና ልጅ። የመጨረሻው ወንድ ሱዳን በ2018 ሞቷል። እነሱ ፊት ቆመሽ ዝም ነው የምትዪው።

ግን አንቺ ዓመት ሙሉ ያየሽው ተራራ ኪሊማንጃሮ ነው። ሌላ ተራራ ወጥተሽ ብትመለሺ ፎቶው ይጠይቅሻል ብዬ እፈራለሁ። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ኪሊማንጃሮን በ8 ቀን ውጪ። ተራራው ሥር ባለችው ሞሺ ከተማ አንድ ሌሊት አድረሽ ገላሽን ታጠቢ። በማግስቱ በጠዋት በናማንጋ ድንበር ወደ አምቦሴሊ ተሻገሪ፣ ለማታ ትደርሻለሽ። የታንዛኒያው መኪና ስለማይሻገር ድንበሩ ላይ የኬንያ መኪና እንዲጠብቅሽ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። አምቦሴሊ ሁለት ሌሊት እደሪ። ከዚያ በመኪና ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ በአውሮፕላን አዲስ አበባ። በአንድ በኩል ገብተሽ በሌላ በኩል ትወጫለሽ፣ ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ መንገላታትም ይቀርልሻል።

አምቦሴሊ ውስጥ ጎሕ ሲቀድ ውጪ። ተራራው የሚገለጠው ማለዳ ነው፤ ረፈድ ሲል ደመና ይሸፍነዋል፣ አንዳንዴ ማታ ተመልሶ ይታያል። ሁለት ሌሊት ያልኩሽ አንዱ ማለዳ ደመና ቢሆን ሌላው እንዲኖርሽ ነው።

ቢጫ ወባ ክትባት ተከተቢ፣ ቢጫዋን ካርድም በእጅሽ ያዢ። ከአዲስ አበባ ተነሥተሽ ስለምትገቢ ታንዛኒያም ኬንያም ይጠይቁሻል። የኬንያን የኤሌክትሮኒክ መግቢያ ፈቃድም ከመነሣትሽ በፊት ጨርሺ። ታንዛኒያ ፌስታል ክልክል ነው፣ ሻንጣሽ ውስጥ ካለ አውጪው።

ጅብራ

የወንድምሽን ሐሳብ የሚደግፍ ሰው ስላልመጣ እኔ ልናገርለት። ባሌ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ።

እውነቱን ልናገር፤ አንበሳና ዝሆን ተሰልፎ ማየት ከፈለግሽ ባሌ ያ አይደለም። ሐረና ጫካ ውስጥ አንበሳ አለ፣ ግን አይቶ የሚመለሰው ከስንት አንዱ ነው። ባሌ ሌላ ነገር ነው። ሳነቲ ላይ፣ 4,000 ሜትር ላይ ያለ ሜዳ ነው፣ ማለዳ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ቀይ ቀበሮ ታያለሽ። ጆሮዋን ወደ መሬት አድርጋ አንድ እግሯን አንሥታ ትቆማለች። ፍልፈሏ ከጉድጓዷ ብቅ እስክትል ትጠብቃለች። አንዳንዴ ሃያ ደቂቃ አትነቃነቅም። ከዚያ አንዴ ትዘልላለች። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ እኛ ጋ ነው። ዲንሾ ላይ ደግሞ የደጋ አጋዘን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ሲግጥ ታገኚዋለሽ። ይህ ሁሉ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም።

ለኪሊማንጃሮም ይጠቅምሻል። ሮቤ ድረስ በአውሮፕላን መጥታችሁ ሦስት ቀን ብትቆዩ፣ ቀን ሳነቲ ላይ እየዋላችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ብታድሩ ሰውነታችሁ ዝግጁ ሆኖ ነው ታንዛኒያ የሚገባው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ መኪና እስከ ጫፉ ይወጣል፤ እናንተ ግን በእግር ውጡት።

ቀኑ ካልበቃሽ ደግሞ ቢያንስ አዲስ አበባ ሳታድሪ አትለፊ። ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ተነሥቶ በሁለተኛው ቀን ተራራ ሥር መቆም ልክ አይደለም። ሽሮ ሜዳ እናትሽ ቤት ሦስት ሌሊት አድረሽ በየቀኑ እንጦጦ ማርያም ብትወጪ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ብለሽ ግን አትተማመኚ። ከ15 ዓመት በኋላ ሰውነት እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

ባራፉ

ናይሮቢ_ነኝ ያቀረበው የአምቦሴሊ ሐሳብ ደስ ብሎኛል፣ እኔ ሳላውቀው ነው የቀረሁት። ለሚዛን ያህል ግን፣ የካቲት አካባቢ ሴሬንጌቲ ደቡብ ንዱቱ የሚባለው ሜዳ ላይ ዊልደቢስት የሚባሉት ላም መሰል የዱር እንስሳት የሚወልዱበት ጊዜ ነው። እኔ አንዲት ጥጃ ስትወለድ አይቻለሁ። ወድቃ፣ ተነሥታ፣ ወድቃ፣ እንደገና ተነሥታ በደቂቃዎች ውስጥ ከእናቷ ጋር መሮጥ ጀመረች። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ጅብ ቆሞ ያያታል። ንጎሮንጎሮም ቢሆን ጥቁር አውራሪስ የማየት ዕድል ያለበት ነው። ለዚህ ግን አራት ቀን ይፈልጋል፣ አንቺ ያን ያህል ቀን የለሽም። ስለዚህ ወይ ይኼ ወይ ያ ነው። ያም ሆነ ይህ የተራራው 8 ቀን አይነካ።

ጾሙ ካሳሰበሽ ሁዳዴ ቢፈጥን የሚገባው የካቲት 1 ነው፣ የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አይተሽ ትኬት ቁረጪ። ረቡዕና ዓርብ ግን ተራራው ላይም ይመጣል። የተራራው ምግብ አብሳዮች የጾም ምግብ አያቅታቸውም፣ ከመነሣትሽ በፊት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት በዪያቸው። እኔ ጋ ሙዝ፣ ምስር፣ ድንች፣ የዱባ ሾርባ ሠሩልኝ። ሳትፈልጊም ለመብላት ተዘጋጂ ግን፤ ከ4,000 በላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ እየታገልሽ ነው የምትበዪው። ከአገር ቤት በሶና ቆሎ ያዢ። ሌሊቱን ያገፋኝ ኪሴ ውስጥ የነበረው ቆሎ ነው።

ሽሮሜዳ44

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ያነበብኩትን ለወንድሜ በስልክ አነበብኩለት። የጫማ ክር ያለው ጽሑፍ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን።

ወስነናል። ሌሞሾ 8 ቀን። በመጀመሪያ እናቴ ቤት ሦስት ሌሊት፣ በየቀኑ እንጦጦ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ኪሊማንጃሮ አየር ማረፊያ። ከተራራው በኋላ ሞሺ አንድ ሌሊት፣ አምቦሴሊ ሁለት ሌሊት፣ በናይሮቢ ተመልሰን የዚያኑ ማታ ወደ ዋሽንግተን። ሴሬንጌቲን ተውኩት። ለመጀመሪያው ድርጅት 8 ቀን አድርጉልኝ ብዬ ስጽፍላቸው 6 ቀን ለሁሉም ሰው ይበቃል ብለው መለሱልኝ፣ ስለዚህ ሌላ እየፈለግኩ ነው። ወንድሜ እኔ ከመድረሴ ሳምንት በፊት ባሌ ሄዶ ሳነቲ ላይ ሊውል ነው፤ ጅብራ፣ በውስጥ መስመር ይጽፍልሃል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። ጫማዬ አዲስ ነው፣ በልኬ ነው የገዛሁት፣ ምቹ ነው። ይሆናል ወይስ ልቀይረው?

ከስቶክሆልም

በልክሽ ከሆነ ቀይሪው። ከጫፉ ወደ ምዌካ ሠፈር የሚወረደው በአንድ ቀን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። እግርሽ ያብጣል፣ ጣቶችሽ የጫማውን አፍንጫ ይመታሉ፣ ጥፍር ይጠቁራል። ግማሽ ቁጥር የሚተልቅ ግዢ። ሱቅ ስትሄጂ ከሥራ በኋላ ማታ ሂጂ፣ ወፍራሙን ካልሲ አድርገሽ ለኪው። ክሩን ሳታስሪ እግርሽን እስከ ፊት ገፍተሽ ተረከዝሽ በኩል አንድ ጣት የሚገባ ከሆነ ልክ ነው። ከዚያ እስክትሄጂ ድረስ ሸናንዶዋ በእሱ ብቻ ሂጂ። አውሮፕላን ላይም አድርገሽው ውጪ፤ ሻንጣ ቢጠፋ ሌላው ልብስ ሞሺ በኪራይ ይገኛል፣ የለመድሽው ጫማ ግን አይገኝም። ከመጨረሻው ሌሊት በፊት የእግር ጥፍርሽን አሳጥረሽ ቁረጪ።